የእመት ማንጠግቦሽ የዕረፍት ቀን

በ1974 ዓ.ም. ደባርቅ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አለቃችን ጓድ ሥራዬ ይባላል፤ ሥራ ያለው ስሙ ላይ ብቻ ነበር። ስለ ሠርቶ አደሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይናገርና ጉሮሮው ሲደርቅ ባዶ ጠርሙሱን ወደ በሩ ዘርግቶ፣ ዞር ብሎም ሳያይ፣ «ውሃ!» ይላል። ውሃውም ይመጣል። ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ብሆን።

የሚመጣው ከእመት ማንጠግቦሽ ጀርባ ነበር። ከበየዳ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ቀጭን ሴት ናቸው። ማለዳ በውርጩ እንስራቸውን በጠፍር አዝለው ከከተማው በታች ወዳለው ምንጭ ይወርዳሉ፤ ዳገቱን ተመልሰው ይወጣሉ፤ በቀን አምስት ጊዜ። የመጠጡም፣ የሻዩም፣ የሽንት ቤቱም ውሃ ያው ነው።

ሚያዝያ 23 የሠርቶ አደሩ በዓል ሲከበር ከጎንደር እንግዶች መጡ። ጓድ ሥራዬ ሰልፈኛ አነሰውና እመት ማንጠግቦሽን ገና ወደ ምንጩ ሳይወርዱ ከበር ላይ አስቆሞ መፈክር አስያዛቸው። «ሠርቶ አደሩ የአገሩ ጌታ ነው» ይላል ጨርቁ።

«ውሃውስ፣ ጌታው?» አሉ።

«ጌታ ቀርቷል፤ ጓድ በይ! ዛሬ ሠርቶ አደር አይሠራም። እኔ ሳላዝ መፈክሩን እንዳታወርጂ!»

«እሰይ! ዛሬ ጊዮርጊስም ነው። እሱም እርስዎም አትሥሪ ካላችሁኝ ምን ገዶኝ!»

ከሰልፉ በኋላ በግ ታርዶ ጥብሱ በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ቀረበ። እንግዶቹ ለመታጠብ እጃቸውን ዘረጉ። ማስታጠቢያው ባዶ፣ በርሜሉም ባዶ። ሆዱ የታወከ አንድ እንግዳ ከሽንት ቤት ውስጥ «ኧረ ውሃ!» እያለ ይጣራል።

ሰልፉ ወደተደረገበት ሜዳ ተላክሁ። ሕዝቡ ተበትኗል፤ እመት ማንጠግቦሽ ብቻቸውን መፈክሩን ይዘው ቆመዋል።

«ቶሎ በይ፣ ውሃ አምጪ!» አልኳቸው። እናቴን የሚያህሉትን ሴት «አንቺ» እያልኩ።

«ዛሬ የአገር ጌታ ነኝ። መሠረተ ትምህርት ያስተማራችሁኝ እናንተው ናችሁ፤ አንብቤዋለሁ።»

ተመልሼ ቃል በቃል ተናገርኩ። ጓድ ሥራዬ በቁጣ ሊነሳ ሲል የእንግዶቹ አለቃ ሳቀ። «ልክ ናቸው። በበዓላቸው ቀን እንዴት እናሠራቸዋለን? ጓድ ሥራዬ፣ አንተው ውረድ እንጂ!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከጭብጨባ ወዲያ ማምለጫ የለም።

ጓድ ሥራዬ በካኪ ልብሱ እንስራ ይዞ ወረደ፤ እኔም ከኋላው። ምንጩ ዳር የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ጽጌሬዳ የምትባል ጠላ ሻጭ ጠፍሩን እያሰረችለት፣ «ወንድም ዓለም፣ ጎንበስ በል፤ እንስራ በንግግር አይታዘልም» አለችው። ዳገቱን አራት ጊዜ እያረፈ ወጣ። ግማሹ ውሃ ከጫማው ውስጥ ገባ፤ የተረፈው እንግዶቹን አስታጠበ። ለሽንት ቤቱ አልደረሰም።

በሳምንቱ የኮከብ ሠራተኛ ምስክር ወረቀት ተሰጠ። ተሸላሚው ጓድ ሥራዬ፤ ምክንያቱም «ውሃ በመቅዳት አርአያ ስለሆነ» ነበር። እመት ማንጠግቦሽ ከኋላ ወንበር እጃቸውን አወጡ።

«ኮከቡ ነገም ይወርዳሉ ወይስ እኔ ልውረድ?»

ያልሳቀ ኮከቡ ብቻ ነበር። ሳቁ ጎንደር ሳይደርስ አልቀረም፤ በወሩ ውሃ የምትጭን አህያ በደብዳቤ ተመደበች። ለአህያዪቱ ፋይል የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ከእመት ማንጠግቦሽ ፋይል አጠገብ ላኖረው ብፈልግ የሳቸው የለም። ውሃ በቀዱበት ሰባት ዓመት ሙሉ አልተከፈተም።

አፈርኩ። ያንኑ ቀን አዲስ ፋይል አውጥቼ ጓሮ ድረስ ሄድኩና፣ «እመት ማንጠግቦሽ፣ የአባትዎ ስም ማን ነው?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ጎደላችሁ ደግሞ ዛሬ?»