አባቴ ኮሪደር ላይ ሆኖ ያያቸው ፊልሞች

የፋንዲሻና የቅቤ ሽታ ሌላውን ሰው ምራቁን ያስውጠዋል፤ እኔን ግን መጥፎ ወሬ ያስጠብቀኛል። ባለፈው መስከረም አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ አባቴን ይዤ ዳላስ አጠገብ ግራንድ ፕሬሪ ወዳለ ሲኒማ ቤት ስገባ ያው ሽታ በሩ ላይ ተቀበለኝ፤ ያን ቀን ደግሞ የምፈራበት በቂ ምክንያት ነበረኝ። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ ጌታቸው፣ ማረፉን ከአባቴ በቀር ሁላችንም ሰምተናል። መርዶውን እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው ሊነግሩት ተቆርጧል፤ የእኔ ድርሻ እስከዚያ ድረስ ከስልክም ከሐበሻም ማራቅ ነበር።

ጠዋት እናቴ ጓዳ ገብታ በሹክሹክታ ደውላ፣ «ስልኩን እንዳይነካ፤ ፌስቡክ ላይ ፖስት አድርገውታል አሉ። ሶ፣ ዛሬን ቢዚ አድርጊልኝ፤ በቃ ሲኒማ ውሰጂው» አለችኝ። ሮውሌት ቤታቸው ሄጄ «ስልክህን ቻርጅ ላድርግልህ» ብዬ ተቀበልኩትና ድምፁን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቅርባቸው ያለውን ሲኒማ ቤት የሚያውቁን ሰዎች ስለማያጡት ትቼ፣ ዳላስን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ ነዳሁ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነውና፣ «ለአንድ ፊልም ይህን ሁሉ መንገድ?» አለኝ። 

እንዲህ የምንርበተበተው በከንቱ አይደለም። አያቴ፣ ማለትም የአባቴ እናት፣ ያረፈች ጊዜ እኔ ገና ጨቅላ ነበርኩ። አባቴ መርዶውን የሰማ የመሰለው አንድ ወዳጁ ሥራ ላይ ሳለ ደውሎ «ነፍስ ይማር፣ እንግዲህ ጠንከር በል» ይለዋል። አባቴ የደንበኛ ሻንጣ በእጁ እንደያዘ «ማን?» ብሎ ጠየቀ አሉ። ከዚያ ወዲያ ሞትን ሳይሆን የሞትን አመጣጥ የሚፈራ ሰው ሆነ፤ ፊልም ላይም ቢሆን።

ልጅ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ሆስፒታል ሥራ ስትገባ፣ አባቴ እኔን ይዞ ሌሎች አሳይተው የጠገቡትን ፊልም በርካሽ ወደሚያሳይ አሮጌ ሲኒማ ቤት ይሄድ ነበር። ወንበሮቹ ሲጥ ሲጥ ይላሉ፣ ምንጣፉ የፈሰሰበትን ለስላሳ ሁሉ ጠጥቶ ጫማ ይይዛል፣ ውጭው እንደ ምድጃ ሲነድ ውስጡ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አባቴ በዚያ በጋ ጃኬት አንጠልጥሎ ይገባል፣ እኔ ላይ ጣል ያደርገዋል፣ ፋንዲሻውን መካከላችን ያስቀምጣል፤ ከዚያ ሙዚቃው ዝቅ ብሎ አንድ ሰው ብቻውን ወደማያምር ነገር መራመድ ሲጀምር «መጣሁ» ብሎ ብድግ ይላል። ሽንት ቤት አልነበረም የሚሄደው። ኮሪደሩ ላይ፣ ከውሃ መጠጫው አጠገብ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይቆማል፤ የእኔ ሥራ የሚሆነውን አይቼ እየሮጥኩ መንገር ነበር። «ተርፏል!» ካልኩት ፊቱ ይፈታል። የሞተ እንደሆነም ተመልሶ ይገባል፤ አስቀድሞ የተነገረውን ሞት ቁጭ ብሎ ማየት ይችላልና።

ሞቱን ግን ዱብ ማድረግ አይቻልም። ትልልቆቹ ሲያደርጉ ካየሁት ቀስሜ በደረጃ እነግረው ነበር፤ መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል»፣ ቀጥሎ «ሆስፒታል ወስደውታል»፣ ከዚያ አንገት መድፋት። መሀል ላይ ቃል ሲጠፋብኝ ራሱ «ሆስፒታል ወስደውታል?» እያለ ያግዘኝ ነበር። አንድ ጊዜ ከመንኮራኩሩ ወጥቶ ሕዋ ላይ የቀረ ሰው «ሆስፒታል ተወስዷል» ብዬው፣ አባቴ በሐዘኑ መሀል «እዚያ ላይ የምን ሆስፒታል?» ብሎ ፋንዲሻ የገዙት ሰዎች እስኪዞሩ ድረስ ሳቀ።

ስለ ሲኒማ ጥበብ የማውቀው የለም፤ ዳይሬክተሩን አጣርቼ ቲኬት የገዛሁበት ቀን የለም። አስተያየት ግን ሞልቶኛል፣ ምንጩም ያ ኮሪደር ነው። የውሻ ፊልም አልወድም፤ ሰዎቹ ሁሉ ተርፈው ውሻው ብቻ የሚሞትበትን ፊልም የሠራ ሰው ልጅ አሳድጎ አያውቅም እላለሁ። የመናፍስት ፊልም በአንጻሩ የዕረፍት ቀናችን ነበር፤ አባቴ «አንዴ የሞተ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያመጣል?» ብሎ እግሩን ዘርግቶ ያይ ነበር። ሞቶ የሚነሳ ጀግና ያበሳጨዋል፣ እኔንም እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል፤ ያ ሁሉ ሰው ካለቀሰለት በኋላ ብቅ ሲል ትንሽ እንኳ አያፍርም። የፍቅር ፊልም ረዘመ ማለት አበቃ ማለት ነው፣ እንቅልፌ ይመጣል። አባቴን የፊልም ፖሊስን ያህል ያናደደው ግን አልነበረም። ባርኔጣውን አውልቆ የአንዲት እናት በር ያንኳኳና እዚያው ደጃፍ ላይ፣ እሷ የዕቃ ማጠቢያ ጓንቷን ሳታወልቅ፣ ልጅሽ ሞቷል ይላታል። አባቴ በጨለማው ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እንዲህ ቆማ? ቁጭ በይ እንኳ ሳይላት? ጎረቤት የላትም?» ይላል፤ ከኋላችን ዝም በሉ ይሉናል፤ እኔ በኀፍረት ጃኬቱ ውስጥ እደበቃለሁ።

ግራንድ ፕሬሪ ያን ቅዳሜ ፋንዲሻ ልንገዛ ተሰልፈን ሳለ፣ የሸሸሁት ነገር ከፊቴ ቆመ፤ ልጆቿን የያዘች፣ እናቴን በቤተ ክርስቲያን የምታውቃት ሴት ናት። አባቴን ስታይ ዐይኗ እንባ አቀረረ። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽ...» ብላ ስትጀምር ከጀርባው ሆኜ ራሴን ነቀነቅሁባት። ክው ብላ «...ይመስገን፣ ደህና ነዎት?» አለችው። እጁን ግን ከመጠን በላይ ይዛው ቆየች። አባቴ «ደህና ነኝ፣ ይመስገነው» አለ፤ ፋንዲሻውን እስክቀበል ድረስም ወለሉን ሲያይ ቆየ። 

ፊልሙ ጎርፍ ስለከበባት ትንሽ ከተማ ነው። ከጠየቃችሁኝ ዝናቡ በዝቷል፣ ከንቲባውም ንግግር ያበዛል፤ ጣራው ላይ ብቻውን የቀረውን ሽማግሌ የሠራው ተዋናይ ግን ጎበዝ ነው። ውሃው የጣራውን ጠርዝ ሲነካ ሙዚቃው ዝቅ አለ። አባቴ «መጣሁ» ብሎ ወንበሮቹን እየተደገፈ ወጣ፤ ድሮ በሁለት እርምጃ የሚያልፈውን ያን ቀን ቀስ ብሎ ነው ያለፈው። እኔ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አቅፌ ቀረሁ። ውስጡ ያለው ስልክ ይነዝራል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይነዝራል። በመጨረሻ ጀልባ መጣና ሽማግሌውን አነሱት። ለማልቀስ እስኪቃጣኝ ደስ አለኝ፤ በዚያ ቀን ለአባቴ የምነግረው አንድ ደግ ወሬ ተገኘ ብዬ፣ የልጆች እናት የሆንኩት ሴትዮ እንደ ልጅነቴ እየሮጥኩ ወጣሁ።

«ተርፏል! ጀልባ መጣለት!» አልኩት።

ከውሃ መጠጫው አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ፊቱ አልተፈታም።

«ፊልሙን ተዪው» አለኝ። «ስልኬን ቀኑን ሙሉ ይዘሽዋል። ያቺ ሴትም እጄን አልለቅ አለችኝ። ጌታቸው ነው?»

መዋሸት አቃተኝ፤ መናገር ደግሞ ለሽማግሌዎቹ የተተወ ነው። የመጣልኝ ከልጅነቴ የማውቀው ብቻ ነበር። «ትንሽ አሞታል፣ አባዬ።»

የተጣመረ እጁን ፈታ። ከዚያ ድሮ ቃል ሲጠፋብኝ እንደሚያደርገው በጣም ቀስ ብሎ «ሆስፒታል ወስደውታል?» አለ።

«ወስደውታል» አልኩና አንገቴን ደፋሁ።

 አፍንጫውን በመሐረብ ጠርጎ «እንግዲያው ገብተን እንጨርሰው» አለኝ። ገባን፤ የጎርፉ ውሃ ሲሸሽ፣ ሰዎቹ ጭቃ ሲጠርጉ እስከ መጨረሻው አየን። እጄን ይዞ ነበር፤ እጁ በረዶ ሆኗል።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቴን ለብሶ ተቀምጦ አገኙት። ቁጭ አሉ፣ ዙሪያ ጥምጥም ጀመሩ፣ እሱም እንደማያውቅ ሆኖ እያንዳንዱን ቃል ተቀበላቸው። ስሙ ሲጠራ ጮኾ አለቀሰ፤ ያ ልቅሶ ግን የእውነቱ ነበር። ከወንድሞቹ የቀረው ጌታቸው ብቻ ነበር።

አሁንም ሲኒማ እንሄዳለን። አባቴ ግን አይነሳም። ሙዚቃው ዝቅ ሲል «መጣሁ» እስኪል የወንበሬን እጀታ ጨምድጄ እጠብቃለሁ፤ እሱ ፋንዲሻውን እየቆረጠመ ያያል። ለምን እንደማይወጣ ብጠይቀው «ከእንግዲህ ምን ይመጣብኛል ብዬ?» አለኝ። የሚመጣው በእሱ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ ነው፤ ይህን አልነገርኩትም።

ባለፈው ሳምንት ያየነው ፊልም አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ብቻውን ሐይቅ ላይ የሚውልበት፣ ጸጥ ያለ፣ እኔ ብሆን ግማሹን የምቆርጠው ፊልም ነው። ሰውዬው ደረቱን ይዞ ጀልባው ውስጥ ጎንበስ ሲል መቀመጥ አቃተኝ። ወጥቼ ከውሃ መጠጫው አጠገብ ቆምኩ፣ እጄንም ሳላስበው አጣመርኩ። ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ እንዲህ ያለውን የመርዶ አነጋገር አያውቁም፤ አባቴ ያረፈ ቀን ቴክስት ያደርጉልኛል፣ ወይም የማላውቀው ሰው ደውሎ ቆሜ ሳለሁ ይነግረኛል። አባቴ ሲሄድ የሚሄደው እሱ ብቻ አይደለም፤ ቁጭ በይ የሚለኝም አብሮ ይሄዳል።

በሩ ተከፈተና አባቴ ግድግዳውን እየተደገፈ ወጣ። አጠገቤ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እጄን ይዞ አስቀመጠኝ፣ እሱም ተቀመጠ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ሰውዬው» አለኝ፣ «ትንሽ አሞታል።»