ወንጭፍ ይዘን ወፍ ልናይ

ባለፈው ሳምንት ሰቆጣ ገበያ ዳር አንዲት ባጃጅ እርጥብ ሳር እስከ ጣሪያዋ ጠቅጥቃ፣ ሾፌሩ ከሳሩ መሃል አንገቱን ብቻ አውጥቶ፣ በአጠገቤ አለፈች፤ የሳሩ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ።

መስከረም ነበር። ከከተማው በላይ፣ ከብት እንዳይገባበት በተከለለው ተራራ፣ ሳሩ ከቁመታችን በልጧል። የሳይንስ አስተማሪያችን መምህር ደሳለኝ የሌላ አገር ሰው ነበርና "ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወፍ ልናይ እንሄዳለን" አለን። እኛም በሰዓቱ ተገኘን፤ አሥራ አንዳችንም ወንጭፋችንን እጃችን ላይ ጠምጥመን፣ ኪሳችንን በጠጠር ሞልተን። በእኛ አገር ሰው ወደ ወፍ ባዶ እጁን አይሄድም። ማሽላው ሲያሸት ልጅ ሁሉ ማማ ላይ ይወጣል፤ ወፍ ማለት በመንጋ መጥቶ የዓመት ቀለብ የሚጨርስ ጠላት ነው። አባቴ ወፎቹን የሚሰድባቸው በኽምጣንኛ ብቻ ነበር፤ እዚሁ ተወልደው አማርኛ ከየት ያመጣሉ ይል ነበር። እኔ ደግሞ፣ ራሷን አመሰገነች አትበሉኝና፣ ከመንደሩ ልጆች ሁሉ በልጬ አልሜ የምመታ ነበርኩ።

መምህራችን ወንጭፎቻችንን ሲያይ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ልጆች፣ ዛሬ እናያለን እንጂ አንመታም" ብሎ ጠጠራችንን አስደፋን፤ ከዚያም አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ተራ በተራ አስያዘን።

እግዜር ያሳያችሁ! ያ ስንቱን የገደልኩት ቀይ ወፍ፣ ጤዛ ባዘለ ሳር ጫፍ ላይ እየተወዛወዘ፣ ጀርባው እንደ ፍም ቀልቶ፣ ሆዱ ጠቁሮ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው ይመስል ፊቴ ላይ ነበር። ላባውን ነፍቶ ሲንጫጫ ጉሮሮው ሲርገበገብ ይታየኛል፤ በዚያች ቅንጣት ዓይኑ ውስጥ የጠዋቷ ፀሐይ ታበራለች። ተራ የደረሳት ልጅ እስክትቆነጥጠኝ ድረስ መነጽሩን አልለቀቅኩም። ስወነጭፈው የኖርኩት ይህን ነበር ወይ?

ከሰዓት በኋላ ማማዬ ላይ ወጣሁ። መንጋው መጣ፤ ወንጭፌን ድንጋይ አጎረስኩት፣ እጄ ግን አልታዘዘኝም። ቀያዮቹን እየለየሁ ሳይ ፀሐይ አዘቀዘቀች። አባቴ ሲመጣ የማሳው አንድ ጥግ ፍሬው ተለቅሞ ባዶውን ቀርቷል።

"ተኝተሽ ነበር?"

"አይ አባዬ፣ እያየኋቸው ነበር።"

አልመታኝም። ባዶውን የማሽላ ራስ በመዳፉ ሲያሽ ቆየና "በይ እንግዲህ፣ ክረምት ሲርብሽ እነሱን እያየሽ ትጠግቢያለሽ" አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ማማው ላይ ራሱ ወጣ። በዚያ ዓመት እህላችን ከሰኔ በፊት አለቀ፤ እናቴ እራታችንን ስታሳንሰው ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ።

አንድ ቀን ግን ከእርሻ ስንመለስ፣ አባቴ ከኋላዬ እየተራመደ፣ "ለመሆኑ ምናቸውን ነበር የምታዪው?" አለኝ። ልቤ ሞልቶ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን "ቀይ ናቸው" ብቻ ነው።

"ቀይ መሆናቸውንማ አውቃለሁ" አለና ቀድሞኝ ሄደ።

ዛሬ ማሳው ላይ ቤት ተሠርቶበታል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ወፍ ሲያባርር ኖሮ አንዲቷንም በቅርብ ሳያይ አረፈ። ያኔ ያጣሁትን ቃል አሁን አግኝቼዋለሁ፤ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።