ጭብጨባና ደረት

የልጅ ልጄ የባህል ቡድን ውስጥ ትወዛወዛለች። አንድ እሁድ መጥታ ኮሪዮግራፊ የሚባል ነገር እየተማረች እንደሆነ አጫወተችኝ። ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቃት፣ ማን የት እንደሚቆም፣ እጅ መቼ እንደሚነሳ፣ እግር ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ መወሰን ነው አለችኝ። ሳቄ መጣ። ያንን ሥራ እኔ በጣልያን ጊዜ፣ እዚሁ ቀራንዮ፣ ያለ አስተማሪ ሠርቼዋለሁ። ስሙን ብቻ ነበር የማላውቀው።

ያኔ ካገባሁ ገና ብዙ አልቆየሁም፤ ከመድኃኔዓለም በታች ባለው ሰፈር ግን ያለ እኔ ሠርግ አይደምቅም ነበር። ጉራ የሚመስለው ካለ ይምሰለው። ከበሮ እመታለሁ፣ ዘፈን አወጣለሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው አሰልፋለሁ። ሴቶች ዝም ብለው ከተለቀቁ ሁሉም መሃል መግባት ይፈልጋሉ፤ ክቡ ይፈርሳል፣ ሸጋ ትከሻ ያላት ከረጅሟ ጀርባ ተደብቃ ትቀራለች። እኔ ረጃጅሞቹን ከኋላ፣ ድምፃም የሆኑትን ከበሮው አጠገብ፣ እስክስታ የሚያውቁትን ሰው ከሚያይበት አቆማለሁ። የሚያኮርፍ አይጠፋም፤ ጭፈራው ሲያምር ኩርፊያው ይረሳል።

በዚያው ዓመት ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት ባልቴት ልጃቸው ሞተባቸው። ያላቸው እሱ ብቻ ነበር። ከአርበኞቹ ጋር ወደ ምዕራብ ሄዶ እዚያው ወደቀ። መርዶውን ያመጣው ሰው በጓሮ ገብቶ በጓሮ ወጣ። ለአርበኛ ማልቀስ ቤት ያስቃጥል ነበርና ሙሾ አልወረደም፣ ለቅሶ ደራሽ አልመጣም። እናት እርማቸውን ሳያወጡ ቀሩ። ሐዘን ከውስጥ ሲቀር ሰው እንደሚበላ ያየሁት በእሳቸው ነው። እህል አልቀምስ አሉ፤ ልጠይቃቸው ስገባ ስለ ላማቸው ብቻ ያወሩኛል፣ የልጁን ነገር የማነሳ ሲመስላቸው ወደ በሩ ያያሉ።

ጥር ላይ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ልትዳር ሆነ። ጣልያኖቹ ሠርጉን ፈቀዱ፤ ጀምበር ሳትጠልቅ እንዲያልቅና አንድ ባንዳ ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ እንዲጠብቅ ግን አዘዙ።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከበሮዬን ፀሐይ ሳሞቅ ነው። የሠርግ ጭፈራና ለቅሶ ብዙም አይራራቁም። በሁለቱም ሴቶች ክብ ሠርተው ይዞራሉ፣ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ወገብ ጎንበስ ቀና ይላል። የሚለያቸው እጅ የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ በሠርግ እጅ ከእጅ ይጋጠማል፣ በለቅሶ ደረት ላይ ይወድቃል። ታዲያ ሴቶቹ እያጨበጨቡ መሃል መሃሉን እጃቸውን ደረታቸው ላይ ቢያሳርፉ፣ ባንዳው አዲስ ጭፈራ መጣ ከማለት በቀር ምን ይላል? ጎረቤቴን ከክቡ መሃል አስገብተን በሠርግ ዘፈን እርማቸውን እናስወጣቸዋለን አልኩ።

የሰው ሠርግ ነውና ለሙሽሪት ቤት ሳልነግር አላደርገውም። አክስቷ ሰምተው እሳት ለበሱ። በሠርግ ለቅሶ ማስገባት ሟርት ነው፣ ልጃችንን ገና ሳትገባ መበለት ልታደርጊያት ነው ወይ ብለው ወረዱብኝ። እውነታቸውን ነበር፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር። ሙሽሪት ግን ጥግ ተቀምጣ ሹሩባ እየተሠራች ነበርና፣ ቀና ሳትል፣ እኚህ እናት ለልጃቸው ሠርግ ያስቀመጡትን ጌሾ ለኔ ሠርግ ሰጥተዋል፤ ይግቡ አለች። አክስትየው ፊታቸውን አዙረው ወደ ጓዳ ገቡ። እኔም ሴቶቹን ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ አለማመድኳቸው፤ ለጎረቤቴም ምን እንደምናደርግ ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

የሠርጉ ዕለት ሁሉም እንዳልኩት ሆነ። ባንዳው ጠላውን ይዞ ከዳሱ አፍ ተቀምጧል። ሴቶቹ ይዞራሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ ዱብ ይላል። ዕንባቸው የመጣ ነበሩ፤ ሙሽራ ስትሸኝ ማን አያለቅስም? ባንዳው ጭራሽ በምቱ ራሱን ይወዘውዝ ጀመር። በራሴ ሥራ ኮራሁ። ጎረቤቴ ግን ከመሃል ቆመው እጃቸውን አላነሱም።

ከበሮዬን እየመታሁ ተጠጋኋቸው። "እትዬ፣ አሁን ነው፤ ደረትዎን ይምቱ" አልኳቸው።

"ደረቴንማ በር ዘግቼ ስመታ ከረምኩ" አሉኝ። "የቀረብኝ ለልጄ መጨፈር ነው።"

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ከዚያ የትውልድ አገራቸውን ጭፈራ፣ አንገት የሚወረወርበትን፣ ያንን እኔ ያላሰናዳሁትን ጀመሩ። ሌላ ሰው ክቤን እንዲያ ቢያፈርስብኝ በዓይኔ እገላምጠው ነበር። የዚያን ቀን ግን ያሰናዳሁት ሁሉ ከንቱ እንደሆነ ገባኝ፤ ገብቶኝም ደስ አለኝ። ከበሮውን ወደ ሠርግ ምት መለስኩት። የሴቶቹም እጅ ትንሽ ከተንጠለጠለ በኋላ ወደ ጭብጨባው ሄደ። እናት ለወንድ ልጃቸው ሠርግ ጨፈሩ፤ እኛ አጀብናቸው።

ሙሽራ ከተቀመጠችበት አትነሳም። ያቺ ግን ተነሳች። ክቡን ሰንጥቃ ገብታ፣ ሙሽራ ለአማቷ እንደምታደርገው ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። "እንኳን ደስ ያለዎት" አለቻቸው።

ጎረቤቴ አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት። ባንዳው እየሰማ፣ ዳሱ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ "እንኳን አብሮ ደስ አለን፣ ልጄ" አሉ።