አሥር ድንጋይ፣ ዘጠኝ ቁጥር

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ መሠረተ ትምህርት ጨርሼ ወረቀት በተቀበልኩበት ዓመት ነው። ልጆቼ ለሰው ሲያወሩት እንደ ጀብዱ አድርገው ነው። እኔ ግን በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር ላምጣ ብዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ዛሬ እነሱ የማያውቁትን ጭምር ልጻፈው።

ባለቤቴ ጴጥሮስ አዋሳ ውስጥ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። የሚነዳት ባለ ናፍጣ ጂፕ ናት። ሥራው ገጠር ለገጠር ነው፤ ዛሬ አንዱ ቀበሌ፣ ነገ ሌላው። ማታ ሲመለስ የሄደበትን ኪሎ ሜትር ከመኪናዋ ቆጣሪ ላይ እያየ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ሌሎቹ ሾፌሮች ትንሽ ትንሽ ይጨምሩበት ነበር ይባላል። እሱ ቆጣሪው ካለው አንዲት ቁጥር አያልፍም። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ትእዛዝ በተዘጋችበት ጊዜ እንኳ እሁድ እሁድ ሸሚዙን አስተኩሶ ይለብስና ቤት ቁጭ ይላል። «የት ልትሄድ ነው?» ስለው፣ «የትም» ይለኛል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ክረምት ሳይገባ መኪናዋ ለጥገና ጋራዥ ገባች። ስትወጣ ዘይቷ ተለውጦ፣ ሞተሯ ታጥቦ፣ አራቱም ጎማዎቿ ተቀይረው ነበር። በልኳ ጎማ ስለጠፋ ከፍ ያለ ነው የገጠሙላት። ጴጥሮስ ደስ ብሎት፣ «ብርቄ፣ ልጅቷ ታኮ ተጫምታ መጣች!» አለኝ።

በዚያው ሰሞን ይርጋለም ከተማ ያለችው እናቴ ታመመች። እሱ ብቻውን ወደዚያ የሚሄድበት ቀን ገጠመና ወሰደኝ። በመንግሥት መኪና የግል ሰው መጫን ክልክል ስለነበር ከከተማ እስክንወጣ ነጠላዬን ተከናንቤ አጎንብሼ ነበር። ከወጣን በኋላ ቀና አልኩ። አዲስ ፊደል የቆጠረ ሰው ዓይኑ አያርፍም። የሱቁን ስም፣ የግድግዳውን መፈክር፣ መንገድ ዳር የተተከሉትን የኪሎ ሜትር ድንጋዮች ሁሉ አነብ ጀመር። ከዚያ የመኪናዋን ቆጣሪ አየሁ። ድንጋዩ አሥር ሲጨምር የእሷ ቆጣሪ ዘጠኝ ብቻ ይጨምራል። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ነው።

«ይሄ ቁጥር አልገጠመልኝም» አልኩት።

«ድንጋዩን የተከሉት ጣሊያኖች ናቸው። ሞቅ ብሏቸው ይሆናል» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። ስህተቱ የራሴ መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የስምሪት ኃላፊው አስጠራው። መኪናዋ ከጥገና በኋላ በአንድ ሊትር የምትሄደው ኪሎ ሜትር ቀንሷል፣ ናፍጣው የት እየገባ ነው አለው። ያን ጊዜ ነዳጅ በኩፖን ነው፤ ጠብታው ይፈለጋል። ጴጥሮስም መኪናዋ ትመርመርልኝ አለ። የጋራዡ ሜካኒክ ኢያሱ ፖምፓዋን አየ፣ ፊልትሮዋን አወጣ፣ የሚያፈስ ነገር እንዳለ ከሥሯ ተኝቶ ፈለገ፣ ፍሬኗ ጎማ ይዞ እንደሆነ እያዞረ ሞከረ። ምንም የለም። ጤነኛ ናት ብሎ ፈረመ።

ጤነኛ መሆኗ ነው ባሌን ጉድ የሠራው። መኪናዋ ካልጠጣችው ማን ጠጣው ተባለ። በሠራተኛው ስብሰባ ላይ አስቁመው አሻጥረኛ አሉት። አንዱ፣ «ለየትኛው ወፍጮ ቤት ነው የምትሸጠው?» ሲለው አዳራሹ ሳቀ አሉ። ከስብሰባው በቀጥታ ወደ እስር ቤት ወሰዱት።

በማግስቱ ሁለት ሰዎች ምሥራቅ ሰፈር ያለው ቤታችን መጡ። ጓዳዬን ፈትሸው ያገኙት ግማሽ ጠርሙስ ላምባ ነው። አንደኛው፣ «አንቺስ በመኪናዋ ተሳፍረሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ኧረ በጭራሽ!» አልኩ። ሦስት ልጆች ቀሚሴን ይዘው ቆመዋል፤ ምን ልበል?

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ እኔም ጠርጥሬው ነበር። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆሞ ሲያወራ አይቼዋለሁ። ባለ ወፍጮዋ ደግሞ ቆንጆ ሴት ናት።

በሦስተኛው ሳምንት ስንቅ አድርሼ በባህል አዳራሽ በኩል ስመለስ አንድ ጎሚስታ ሁለት ጎማ ጎን ለጎን እየገፋ ሲሄድ አየሁ። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ሁለቱም ላይ በነጭ ጠመኔ ምልክት አድርጓል። የትንሹ ምልክት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ የትልቁ ዘግየት ይላል። ሱቁ በር ላይ ግን እኩል ደረሱ። ባዶ ሳህኔን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ለካ ቆጣሪው መንገዱን አያውቅም፣ የጎማውን ዙር ነው የሚቆጥረው! ጎማው ሲተልቅ ዙሩ ያንሳል። መንገዱም ያው፣ ናፍጣውም ያው፤ ያነሰው ቁጥሩ ብቻ ነው።

በዚያው ኢያሱ ጋ ሄድኩ። ሲሰማኝ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«እትዬ ብርቄ፣ እውነትዎን ነው። ምን ነክቶኝ ነው ያላሰብኩት!» አለ። ከዚያ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔን ግን ለምስክርነት አይጥሩኝ። ጎማውን የገጠምኩት እኔ፣ ይገጠም ብሎ የፈረመው ኃላፊው። ደግሞስ ድንጋዩን መቼ አዩት ቢልዎት ምን ሊሉ ነው?»

ሁለት ወር ዝም አልኩ። እኔም ከታሰርኩ ልጆቹን ማን ያያል አልኩ። ትናንት ፊደል የቆጠርኩ ሴት የተማረውን ሰው ተሳስተሃል ልበለው ወይ አልኩ። ፈሪ ምክንያት አያጣም። ስንቅ ይዤ በሄድኩ ቁጥር ጴጥሮስ እየከሳ ነው። «መኪናዋ ምን ነክቷት ይሆን?» ይለኛል። እኔ የማውቀውን እሱ ሲያሰላስል ያድራል።

አንድ ቀን አልቻልኩም፣ ነገርኩት።

«ሌባ ከሚሉኝ ሚስቱን ጫነ ይበሉኝ። ሂጂና ንገሪያቸው» አለ። ሄድ ካልኩ በኋላ ጠራኝ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሰሞኑን» አልኩት።

ኃላፊው ቢሮ ገብቼ በሠራተኞቹ ፊት ተናገርኩ።

«ድንጋዩን ማነው ያነበበው?» አለ።

«እኔ።»

«በምን ሆነሽ?»

«በመኪናዋ።»

«በመንግሥት መኪና?»

«አዎን። ለዚያ ይሰሩኝ፤ መጀመሪያ ግን ወጥተው ይቁጠሩ።»

ሰው ስለሰማ እምቢ ማለት አልቻለም። በታዘዘ ሌላ ሾፌር ወጣን። ድንጋዩ አሥር፣ ቆጣሪው ዘጠኝ። ስንመለስም ያው። ኃላፊው ወርዶ ጎማውን በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገና ቢሮው ገባ።

ጴጥሮስ በሳምንቱ ተፈታ። የግል ሰው ጭኗል ተብሎ ግን ከሥራ ተባረረ። ሌባ ለማለት ስብሰባ ጠርተው ነበር፤ ሌባ አይደለም ለማለት ስብሰባ የጠራ የለም። ከዚያ ሐይቅ ዳር ዘበኛ ሆነ። የሚያውቁት ሰዎች ሲያገኙት፣ «ጴጥሮስ፣ ናፍጣ አለህ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እስኪሞት መሪ አልጨበጠም።

ኃላፊውን ለእግዚአብሔር ከተውኩት ቆየሁ። ኢያሱንም እንደዚያው፤ እሱም እንደኔ ፈርቶ ነው። ጴጥሮስ ቤታችን ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «እኔን ያስፈታችኝ ይህቺ ናት» ይል ነበር፣ በኩራት። ልጆቹም ከእሱ ሰምተው ነው የሚያወሩት። እነዚያን ሁለት ወሮች ግን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ይህን ሳልነግረው ቀበርኩት።