ሽማግሌዎቹ የጠየቁኝ

እንግሊዝኛ የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ አሮጌ መዝገበ ቃላት ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ስላላለፈ፣ ከቆዳ ፋብሪካው መካኒሳ ወዳለው ቤቴ ስመለስ አንድ ገጽ ሳላነብ አልተኛም ነበር። «ደርቲ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ተናደድኩ። ጭቃ የነካው ሱሪ ደርቲ ነው፤ የስድ ቀልድም፣ የሌብነት ገንዘብም፣ ዳኛ ሳያየው የሚማታ ኳስ ተጫዋችም፣ የጎሪጥ አስተያየትም ያው ደርቲ ነው። እኛ ልብስ አደፈ፣ ውሃ ደፈረሰ፣ አፍ ባለገ፣ ነፍስ ረከሰች እንላለን። ላብንና ኃጢአትን ባንድ ከረጢት የሚከት ምን ዓይነት ሕዝብ ነው ብዬ ፈረንጆቹን ሰደብኩ።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት፣ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ ቆሙ። ትልቋን ልጄን ለአንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሊጠይቁ ነው። ልጄ ወዳዋለች፤ አውቅ ነበር። አስቀመጥናቸው፤ ባለቤቴም ምግብ አቀረበች። አንደኛው አልነካም።

«ምነው አባቴ፣ አልጣመዎትም?» አለችው።

«ሆዴን ትንሽ ቆርጦኝ ነው፣ የኔ እመቤት።»

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «መቼም መጠያየቅ የአባት ወግ ነው። ይህ የቆዳ ሥራ ከአባትዎ የወረደ ነው ወይስ እንዲያው ለእንጀራ?»

«ፋቂ ነህ ወይ ማለትዎ ነው?»

«ኧረ እኔ አልወጣኝም!»

«ከአፍዎ አልወጣም። ዓይንዎ ግን ጨርሶታል።»

አባቴ ገበሬ ነበር። ይህን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ግን አጠገቤ ቆሞ ኖራ ውስጥ እጁን የሚነክር፣ አባቱም አያቱም ቆዳ ፋቂ የነበሩ ባልደረባ አለኝ። «እኔ ከነሱ አይደለሁም» ብል፣ ቆሻሻው እሱ ነው ብዬ ጣቴን መቀሰሬ ነው።

«ከአባቴ ቢወርድስ?» አልኩ።

ባለቤቴ አልቻለችም። «ኧረ ወንድሞቼ፣ የገበሬ ልጅ ነው! ዘር ማንዘሩን አውቃለሁ!»

የሦስቱም ፊት ፈካ። ሆዱን የቆረጠው ሰውዬ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ጎረሰ።

«ዳኑ?» አልኩት።

«እግዜር ይመስገን፣ ተወኝ።»

«እንግዲያው ይነሱ። እናንተም ተነሱ። ቤቴን አታርክሱብኝ።»

ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወጡ። ፈረንጆቹን የሰደብኩት በከንቱ ነበር። ያን ሁሉ ቃል ለይተን ይዘን፣ ሰው ላይ ስንደርስ ከረጢታችን ያው አንድ ነው። የኖራ ሽታ በሳሙና ይለቃል፤ የእነሱ ግን በምን እንደሚለቅ አላውቅም።

ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉን ሰምታለች። «ያባረርከው እነሱን ነው ወይስ እኔን?»

«እነሱን።»

«እነሱማ ቤታቸው ገቡ። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ሽማግሌ የላከው ልጅ ራሱ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቀኝ። «አባባ፣ ሽማግሌዎቹ አጥፍተዋል። ግን እርስዎስ ቀድመው ቢነግሯቸው ምን ነበረበት? ነገሩ እኮ ውሸት ነው።»

«እውነት ቢሆንስ? አባቴ ፋቂ ቢሆን ልጄን ታገባት ነበር?»

መሬት መሬት አየ። «ቤተሰቦቼ...» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ።

ማታ ሳልጨምር ሳልቀንስ ለልጄ ነገርኳት።

«‹ቤተሰቦቼ› ብቻ ነው ያለው?»

«ቤተሰቦቼ ብቻ።»

«አገባታለሁ አላለም?»

«አላለም።»

«አላገባትምስ?»

«እሱንም አላለም።»

ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ከእሱ ጋር ጨርሻለሁ» አለችኝ። «አንተን ደስ ይበልህ ብዬ ግን አይደለም።»

ደስ አላለኝም።