ባንዲራው መሬት ሲነካ

ጦርነቱ ከካርቱም ካፈናቀላቸው መካከል አንድ ሽማግሌ ድንበሩን ተሻግረው መተማ ዮሐንስ ገቡና ግቢያችን ውስጥ ካሉት ክፍሎች አንዱን ሰጠናቸው። አባቴ እርሻውን ከተዉ ወዲህ የሚያጫውታቸው ሰው አጥተው ስለነበር ደስ አላቸው። ከውትድርና ወጥተው ከድንበሩ ማዶ ገዳሪፍ ሰሊጥ ሲያጭዱ የለመዱት ዓረብኛ አልጠፋቸውም። እኔም ከገበያው ስለለቀምኩት የሚያወሩትን እሰማለሁ።

አንድ ጠዋት ከአጥራችን ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ባንዲራ ሲሰቀል አባቴ እንደ ልማዳቸው ተነስተው ቆሙ። እንግዳውም ተነሱ። ተረከዛቸውን ገጥመው፣ ያን የጎበጠ ጀርባቸውን እንደምንም አቅንተው ነበር። አባቴ መዝሙሩ እስኪያልቅ ታገሡና ወታደር ነበሩ እንዴ ብለው ጠየቋቸው። ነበሩ፤ ያውም ባንዲራ ያዥ። በወጣትነታቸው የውጭ አገር ንግሥት ለጉብኝት ስትመጣ የክብር ዘቡን ባንዲራ የያዙት እሳቸው ናቸው። አባቴ በሳቅ ጭናቸውን መቱ። እሳቸውም ጃንሆይ ሲጎበኟቸው የክፍላቸውን ባንዲራ ይዘው የቆሙ ሰው ናቸው።

ከዚያማ ማሳየት መጣ። አባቴ የማሽላ አገዳ አንስተው ፎጣቸውን አሰሩበትና ንጉሡ እንደሚያልፉ ሁሉ ቀስ አድርገው ወደ ፊት አጋደሉት። ጫፉ ከጉልበት ሳይወርድ አቆሙት። እንግዳው ተራቸው ሲደርስ ጥምጥማቸውን ፈትተው በዚያው አገዳ ላይ አሰሩና ዝቅ አደረጉት፤ አሁንም ዝቅ አደረጉት። ነጩ ጨርቅ አቧራው ላይ ተዘረጋ።

አባቴ ጎንበስ ብለው አነሱት፤ አራገፉት።

«ባንዲራ መሬት አይነካም» አሉ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

እንግዳው በእነሱ ክፍል ለነገሥታት የሚሰጠው ሰላምታ እንዲህ ነው፣ ጨርቁ መሬት ካልነካ ሙሉ አይባልም ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ። አባቴ ግን ይህ ውርደት እንጂ ሰላምታ አይደለም አሉ። እንግዳው ጥምጥማቸውን ተቀብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ አብረው አልበሉም። አንድ ትሪ ይበቃቸው ለነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ለየብቻ አቀርብ ጀመር።

ክረምቱ ሲወጣ ወባው በረታና እንግዳው ታመው ወደቁ። ከጤና ጣቢያ መድኃኒት አምጥቼ ሰጠኋቸው። ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ሳቀዘቅዝ አባቴ በሩ ላይ ትንሽ ቆመው ገቡ፤ ጨርቁን ከእጄ ተቀበሉና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ማታም እዚያው፣ ጠዋትም እዚያው ናቸው። ትኩሳቱ በረድ ሲል የተዉትን ወሬ አነሱት።

«እኔ ስይዘው የማስበው አብረውኝ ተዋግተው የሞቱትን ነበር» አሉ አባቴ። «እነሱን ተሸክሜ እንዴት መሬት ላስነካ?»

እንግዳው ወደ አባቴ ዞሩ።

«የእኔም ሞተዋል» አሉ። «ግን ያሉት መሬት ውስጥ ነው። አለቃችን ሰላምታው ለንግሥቲቱ ነው ይለን ነበር። እኔ ጨርቁ መሬት ሲነካ እነሱን የተሳለምኳቸው ይመስለኝ ነበር።»

አባቴ ጨርቁን ነክረው፣ ጨምቀው፣ ግንባራቸው ላይ መልሰው አስቀመጡት፤ እጃቸውንም ከላዩ አላነሱም። እኔ ውሃ ልቀይር ብዬ ወጣሁና ግቢው ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

እንግዳው ዳኑ። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተዘግቶ የቆየው መንገድም ሲከፈት አዲስ አበባ የምትኖር ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። አባቴ እስከ መናኸሪያው ሸኟቸው። አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ። አሁን በስልክ ይገናኛሉ። ሁለቱም ጆሯቸው ስለደከመ እኔና ልጃቸው መሐል ገብተን እናደማምጣቸዋለን።

አባቴ ግን ነገሩን አልተዉትም። ወታደር የነበረ ሰው ባገኙ ቁጥር በእናንተ ክፍል ባንዲራ ለንጉሥ የሚወርደው እስከ ምን ድረስ ነው ይላሉ። በቀደም ከገለጉ ማሽላ ጭኖ የመጣ ሾፌር ደጃችን አረፍ ብሎ ነበር፤ ጎጃሜ ነው፤ እሱም በደርግ ጊዜ ዘምቷል። ጠየቁት።

«አባቴ፣ እኛ የደረስነው ንጉሥ ከሌለ በኋላ ነው። ለማንም አላወረድንም» አላቸው።

አባቴ በሐዘን ተመለከቱትና ራት ሳይበላ እንዳይሄድ ነገሩኝ።