በእጅ የተሰጠ ቁርባን

በረሃቡ ዘመን፣ ሱዳን አገር፣ ከገዳሪፍ ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረው የስደተኞች ሰፈር፣ ለአንድ ፈረንጅ ቄስ አስተርጓሚ ነበርሁ። አሁን ካርቱም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት እሳቸው በጻፉልኝ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ላይ «ታማኝ አስተርጓሚ» ይላል። ቅጂው ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ መጣል አልቻልሁም፣ ማንበብም አልወድም።

በአገራችን እኛ ካቶሊኮች ጥቂት ነን። በመንደራችን ትምህርተ ክርስቶስና ግዕዝ የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁሉም «የኔታ» ይላቸዋል። ሕዝቡ በቅዳሴ የሚመልሰውን ተሰጥዎ፣ ገና ማንበብ ሳልችል፣ በቃሌ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ስንሰደድ ዱቄቱን እኔ፣ የቅዳሴውን መጽሐፍ እሳቸው ተሸከሙ። መተማ እስክንደርስ ዱቄቱ አለቀ፣ መጽሐፉ ግን ደረሰ። የሚቀድስበት የአገር ቄስ አልነበረንም እንጂ።

ፈረንጁ አባ ከከተማ በየዓርቡ ይመጡ ነበር፤ ሱዳን ውስጥ የሥራ ዕረፍት ዓርብ ነውና። ቅዳሴው የሚደረገው በሣር በተከደነ፣ ሱዳኖች ራኩባ በሚሉት ዳስ ሥር ነው። አባ ገና ወጣት ናቸው። ጠረጴዛውን ወደ ሕዝቡ አዞሩት፣ ጊታር የሚመታ ልጅ ከከተማ አመጡ፣ «ደካሞች ናችሁና ገንፎ ቀምሳችሁ ቁረቡ» አሉ። ለኛ ይህ ሁሉ አዲስ ነበር። እኛ ካህኑም ሕዝቡም ወደ ምሥራቅ ዞረው ነው የምናውቀው።

የመጀመሪያው ዕለት የኔታ ጠጋ ብለው፣ «ምነው ፊታቸውን ወደኛ አዞሩ? እኛን ነው እንዴ የሚያመልኩት?» አሉኝ።

አጠገባችን የነበሩት አሮጊት ቀበል አድርገው፣ «ዝም ይበሉ የኔታ፣ የርስዎን ደም ግባት አይተው ነው» አሉ።

ሴቶቹ ሳቁ። የኔታ ምን እንዳሉ አባ በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። «በመምጣትዎ ደስ ብሎናል ይላሉ» አልሁ። አባ ፈገግ አሉ። የኔታም ፈገግታውን አይተው፣ «ይስቃሉ እንዴ? ምን አልኋቸው?» አሉኝ። የመጀመሪያዋ ውሸት ይህች ናት። ማንንም አትጎዳም ብዬ ነበር።

በጾሙ መግቢያ ላይ ሰፈሩ ውስጥ ተቅማጥ ገባ። አባም በሽታ ከአፍ ወደ አፍ እንዳይተላለፍ ቁርባኑን በእጃችን እንድንቀበል አዘዙ። የዚያን ቀን ጠዋት ለትምህርት ቤት ደብዳቤ እንደሚጽፉልኝ ነግረውኝ ነበር። «ሕዝቡ አዲሱን ነገር እንዴት ተቀበለው?» ሲሉኝም «በደስታ» ብዬ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ የኔታ አባን መኪናቸው አጠገብ አገኟቸው። ጋቢያቸውን አጣፉና ወደኔ ዞረው ተናገሩ።

«ንገርልኝ ልጄ። ጠረጴዛውን ተውሁት፣ ጊታሩንም ተውሁት። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ለኔ በአፌ ይስጡኝ። ለበሽታውም ከሆነ ከሁሉ በኋላ ልቁም። ደሞ ይህን ንገራቸው፤ እዚህ ሰፈር በእጅ የተሰጠ ነገር ቤት ይገባል። የተራበ ሰው እጁ ላይ ያረፈውን አይበላም፣ ለልጁ ይይዛል።»

አባ ጠበቁኝ። የኔታም ጠበቁኝ። ጠዋት ግን ለአባ «በደስታ» ብያለሁ።

«አዲስ ነገር ቢሆንብንም እንለምደዋለን ይላሉ» አልሁ።

አባ ተደስተው የኔታን ትከሻቸው ላይ መታ መታ አደረጓቸው። «ምን አሉ?» አሉኝ የኔታ።

«አይቻልም አሉ» አልሁ።

ይህን ቃል የፈጠርሁት እኔ ነኝ። አባ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣቸውም።

ከዚያ በኋላ የኔታ ሳይቆርቡ ቀሩ። ዓርብ ዓርብ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ይመጣሉ፣ ሰው ሲሰለፍ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ከራኩባው ምሰሶ ሥር ይቆማሉ። ፋሲካ መጣ፣ እንደዚያው ቆመው ዋሉ። በሕይወታቸው የፋሲካ ቁርባን ሲያልፋቸው የመጀመሪያው እንደሆነ ለአሮጊቷ ሲነግሩ ሰምቻለሁ። አባም አስተውለው፣ «ሽማግሌው ሕሊናቸውን የከበዳቸው ነገር አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሳይኖር አይቀርም» አልሁ።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓርብ ይመስለኛል፣ አንዲት ጎረቤታችን ተሰለፈች። ልጇ ኩፍኝ ይዟት፣ አፏ ቆስሎ ገንፎ አልወርድ ብሏት ነበር። ሴትየዋ እጇን ዘረጋች። አውራ ጣቷ ሐምራዊ ነው፤ እህል ስንቀበል ሁለት ጊዜ እንዳንሰለፍ በቀለም ይነክሩን ነበር። አባ ነጩን ኅብስት መዳፏ ላይ አኖሩላት። እሷም መዳፏን ጨብጣ፣ በነጠላዋ ሸፍና፣ ወደ ራኩባው ዳር ሄደች። ልጇ ሰሌን ላይ ተኝታለች። እናትየው ኅብስቱን ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገችላት። ልጅቱን ሳል ያዛት፣ ቁርጥራጩም ሰሌኑና አፈሩ ላይ ተበተነ።

ሴቶቹ ጮኹ። «ምነው አንቺ! ምነው!» አሏት። እናትየው ግራ ተጋብታ፣ «መድኃኒት ነው ብላችሁኝ የለ? እጄ ላይ ሰጡኝ እኮ!» አለች።

የኔታ ከምሰሶው ሥር መጡ። አልተቆጧትም። «ዝም በይ ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አሉና ተንበረከኩ። በእጃቸው አልነኩትም። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ አሉ፣ ከሰሌኑም ከአፈሩም ላይ ፍርፋሪውን አንድ በአንድ በምላሳቸው አነሱ። ሲጨርሱ ጺማቸው አቧራ ሆኖ ነበር። አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ውኃ ለመኑ። አሮጊቷ በጣሳ አመጡላቸው፤ እንደ አገራችን ሥርዓት ከቁርባን በኋላ ጠጡ።

አባ ጽዋውን እንደያዙ አጠገቤ ቆመዋል። ፊታቸው ቀልቷል። «እንዲህ እንደሚሆን ለምን ማንም አልነገረኝም?» አሉኝ።

«እኔም አላሰብሁትም» አልሁ።

በሚቀጥለው ዓርብ አባ ለሁላችንም በአፍ ሰጡ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። የኔታ ከሁሉ በኋላ ተሰልፈው ቆረቡ። ስንወጣም፣ «አየህ፣ እግዜር ልባቸውን አራራው» አሉኝ። ትንሿ ልጅም በኋላ ዳነች። እኔ ግን በዚያ ዓርብ አልቆረብሁም። ለማን እንደምናዘዝ ጨንቆኝ ነበር፤ ወደ ሰፈሩ የሚመጡት ቄስ አባ ብቻ ናቸው።

ወደ ካርቱም የምሄድበት ቀን የኔታም አባም ሎሪው ድረስ ሸኙኝ። ደብዳቤው ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። የኔታ መርቀውኝ ሲያበቁ አባን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «አንድ ነገር አስተርጉምልኝ» አሉ። «በዚያ በጾሙ ጊዜ ስለከለከሉኝ ቂም የለኝም በላቸው። ሰው ነን።»

ወደ አባ ዞርሁ። «ቂም የለኝም ይላሉ» አልሁ። ከተናገሩት ግማሹን ብቻ።

«ቂም? በምን?» አሉ አባ፣ ተገርመው።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሎሪው ላይ ያሉት ሰዎች «ያላ! ያላ!» እያሉ ያጣድፉኛል። ሁለቱም አፌን ያያሉ።

«እንዲሁ ነው፤ በአገራችን ሰው ሲለያይ እንዲህ ይባላል» አልሁ።

አባ ሳቁና እጃቸውን ለየኔታ ዘረጉላቸው። የኔታም ሁለት እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ጨበጧቸው። ሎሪው ሲነሣ ገና አልተላቀቁም ነበር።